ከ«መቼ ይከበር?» በፊት «ማን ቀረ?»



በውጭ አገር ባሉ የወንጌል አማኞች ጉባኤዎቻችን በየዓመቱ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ «በዓሉን መቼ እናክብር?» የሚል። ገና በፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ይሁን ወይስ በእኛው ታኅሣሥ 29? ሁለቱ ቀኖች የሚራራቁት በ13 ቀን ነው፤ ክርክሩ ግን ወር ሙሉ ይፈጃል። ትንሣኤ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 ፈረንጆቹ ፋሲካን ማርች 31 ሲያከብሩ የእኛ ሜይ 5 ነበር፤ አምስት ሳምንት ልዩነት። አንዱ «ልጆቻችን የሚያውቁት የዚህን አገር ነው» ይላል። ሌላው «አገር ቤት ያሉት ሳያከብሩ እኛን ምን አስቸኮለን?» ይላል። ሦስተኛው ተነሥቶ «ወንጌል አማኝ ቀን አያከብርም» ብሎ ሁለቱንም ይገሥጻል።

በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2025፣ ሁለቱ የትንሣኤ በዓላት በአንድ ቀን ዋሉ፤ ኤፕሪል 20፣ በእኛ ሚያዝያ 12። የሚያከራክር ቀን አልነበረም። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ክርክሩ ባልነበረበት በዚያ ዓመት፣ በዓልን ብቻውን ይውል የነበረው ወንድም ከሰው ጋር ዋለ? ስልኳን ስትነካካ የምትመሸው እህት በሯ ተንኳኳ? ካልተንኳኳ፣ ችግራችን ድሮም የቀን መቁጠሪያ አልነበረም ማለት ነው።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። በሰው አገር ያለች ቤተ ክርስቲያን በዓል ሲደርስ አስቀድማ «ማን ቀረ?» ብላ ልትጠይቅ ይገባታል። ይህን ሳትጠይቅ የምታከብረው በዓል፣ ቀኑ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ የጌታን ልብ አያሳርፍም።

ቀኑ ለሰው ሲባል ሲዛወር

ዘኍልቍ ምዕራፍ 9ን እናንብብ። እስራኤል ከግብፅ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ፋሲካን ሲያከብሩ፣ ሬሳ በመንካታቸው ምክንያት ከበዓሉ የተከለከሉ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ድንኳናቸው አልቀሩም። ሙሴና አሮን ፊት ቀርበው «እኛ ለምን እንቀራለን?» የሚል ጥያቄ አቀረቡ። ሙሴም «ሕጉ ነው፤ ምን ላድርግ» ብሎ አላሰናበታቸውም፤ አቆያቸውና እግዚአብሔርን ጠየቀ።

የእግዚአብሔር መልስ ያስደንቃል። በዓሉ በመጀመሪያው ወር በ14ኛው ቀን ተወስኖ ሳለ፣ ለረከሰውና ሩቅ መንገድ ለሄደው ሰው በሁለተኛው ወር በ14ኛው ቀን ሌላ ፋሲካ ሰጠ። በዚያው ምዕራፍ ቍጥር 14 ላይ ደግሞ በመካከላቸው የሚኖረው መጻተኛም በዚያው ሥርዓት እንዲያከብር አዘዘ።

ሩቅ መንገድ የሄደ ማን ነው? እኛ ነን። ቀኑ በትእዛዝ በተወሰነበት በብሉይ ኪዳን እንኳ እግዚአብሔር ለቀረው ሰው ሲል ወር ሙሉ ካዛወረ፣ እኛ ታኅሣሥ 29 የሥራ ቀን ስለሆነ በዓሉን ወደ እሑድ ብናዞረው ማን ይቆጣናል? ማዛወራችን ግን ለማን ነው? አዳራሽ ስለተገኘ ነው ወይስ የቀረው ሰው እንዲመጣ?

«ቀን አናከብርም» ለምትሉ

ጳውሎስ በሮሜ 14 ቀንን የሚያከብረውም የማያከብረውም ለጌታ ብሎ እንዲያደርገው ነጻነት ሰጥቷል። በቈላስይስ 2 ደግሞ ስለ በዓል ማንም እንዳይፈርድብን ይነግረናል። ስለዚህ ቀን በማያከብር ወንድሜ ላይ አልፈርድም። ነገር ግን አንድ ነገር እለምነዋለሁ፤ ቀን ባያከብር ሰው ያክብር። ነጻነቱ በሩን ዘግቶ ለመተኛት ከሆነ የዋለው፣ ጳውሎስ የጻፈለት ነጻነት ይህ አይደለም።

የራሳችንን ታሪክም አንርሳ። በአገራችን ወንጌልን የተቀበሉ ብዙዎች «ጴንጤ» ተብለው ከቤት ተባረዋል፤ ከዕድር ተሰርዘዋል፤ የቀብር ቦታ የተከለከሉም አሉ። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ በድብቅ ሲሰበሰቡ፣ ከእናቱ ማዕድ የተገፋ ወጣት የሚጠጋው እንደ እርሱ ያመኑት ዘንድ ነበር። ጌታ በማርቆስ 10 ስለ እርሱ ቤትንና ወንድሞችን፣ እናትንና አባትን የተወ ሰው በዚህ ዘመን መቶ እጥፍ እንደሚቀበል ተናግሯል። ያ መቶ እጥፍ በገመድ ከሰማይ አልወረደም። በአማኞች ቤት፣ በአማኞች ሞሰብ በኩል ነው የደረሰው። ዛሬ በውጭ አገር ለብቻው የሚኖረው ወገናችን ይህን ተስፋ በማን በኩል ይቀበል?

«ዶሮ ወጡ፣ ድፎ ዳቦው፣ ቀጤማው የሌላ ሃይማኖት ባህል ነው» የሚልም አለ። ዶሮ የየትኛውም ቤተ እምነት አባል አይደለችም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 በገበያ የሚሸጠውን ሥጋ ሳንመራመር እንድንበላ ፈቅዷል፤ ያውም ከጣዖት ቤት ሊመጣ በሚችልበት ከተማ። ይልቅ ልናስብበት የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ጉባኤዎቻችን ከብዙ ብሔር የተሰበሰቡ ናቸው። ከወላይታ የመጣው ወንድም ትልቁ የዓመት በዓሉ ጊፋታ ነው፤ ለጉራጌው ደግሞ መስቀል ሲደርስ አገር ቤት ገብቶ ከዘመድ ጋር ክትፎ የሚበላበት ነው። ማዕዳችን የአንድ አካባቢን ትዝታ ብቻ ካስታወሰ፣ በአዳራሹ ውስጥ ተቀምጦም የቀረ ሰው አለ።

«ፕሮግራም» ለምናዘጋጅ

በብዙ ቦታ በዓል ማለት ፕሮግራም ሆኗል። እንግዳ ዘማሪ ይጠራል፤ አዳራሽ ይከራያል፤ የራት ትኬት ይሸጣል፤ የሀበሻ ልብስ ለብሰን ፎቶ እንነሣለን። ዝማሬው መልካም ነው፤ ልብሱም ያምራል። ትኬቱ ግን ማንን በር ላይ እንደሚያስቀር አስበናል? ጥገኝነት ጠይቆ የሥራ ፈቃድ የሚጠብቀውን፣ ለአራት ሆኖ አንድ ክፍል የተከራየውን ያስቀራል። ሦስት ልጆች ይዛ አራት ትኬት መግዛት የማትችለውን እናት ያስቀራል። ማንም «አትምጡ» አላላቸውም። እነርሱም የገንዘብ ነገር ነው አይሉም፤ «ሥራ ነበረኝ» ይላሉ። እኛም አምነን እናልፋለን።

በቆሮንቶስ የሆነው ይኸው ነበር። ያላቸው ቀድመው በሉ፤ የሌላቸው ተርበው አፈሩ። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 ይህን እንደ ቀላል የመስተንግዶ ጉድለት አላየውም፤ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንደ መናቅ ቈጠረው። የሰጠውም መፍትሔ ለመብላት ሲሰበሰቡ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ነው።

እኛ ይህን ከባህላችን እንኳ ልንማረው እንችል ነበር። ቅርጫን አስቡት። የሰፈር ሰው ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ ሥጋው ከየብልቱ እኩል መደብ ይወጣለታል፤ ዕጣ ይጣላል። ለአንዱ ጥሩ ጥሩው፣ ለሌላው አጥንቱ ብቻ አይደርሰውም። በነህምያ 8 ሕዝቡ የሕጉን ቃል ሰምቶ ባለቀሰበት ቀን፣ ነህምያ የሰባውን እንዲበሉ ብቻ አልነገራቸውም፤ ምንም ላላዘጋጁትም ድርሻ እንዲልኩ አዘዛቸው። የጌታ ደስታ ኃይላችን ነው ብለን የምንዘምርለት ቍጥር ይህንኑ ትእዛዝ የያዘው ነው። ዝማሬውን ይዘን ድርሻውን ለምን ተውነው?

«ቤተሰቤ ይበቃኛል» ለምትሉ

ቤተሰብ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን በተለያየ ሺፍት ሲተላለፉ የሚከርሙ ባልና ሚስት በበዓል ቀን አብረው መቀመጥ ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም። ግን የመጀመሪያውን ፋሲካ ሥርዓት እንመልከት። በዘጸአት 12 አንድ ቤተሰብ ለአንድ ጠቦት ትንሽ ከሆነ ከጎረቤቱ ጋር በሰው ቍጥር ተቈጥሮ እንዲበላ ታዝዟል። በዘዳግም 16 ደግሞ በበዓል ደስ የሚላቸው ሰዎች ዝርዝር ወንድና ሴት ልጅን፣ አገልጋዮችን፣ ሌዋዊውን፣ መጻተኛውን፣ አባት የሌለውንና መበለቲቱን ይጨምራል። እነዚህ ከቤተሰቡ ተርፎ የሚሰጣቸው አይደሉም፤ ከመጀመሪያው የተቈጠሩ ናቸው። ጌታችንም በሉቃስ 14 ግብዣ ስናደርግ ብድር የሚመልሱ ዘመዶችንና ባለጠጋ ጎረቤቶችን ትተን፣ መመለስ የማይችሉትን እንድንጠራ አስተምሯል።

«ደክሞናል» ለሚል መልስ አለኝ። እውነት ነው፤ ድካም አለ። ድካሙ ግን በእኩል አልተካፈለም። ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ሲያቁላሉ የሚያድሩት እናቶችና እህቶች ናቸው፤ ወንዶቹ ሲበስል ይመጣሉ። ሽንኩርት መላጥ ለሴቶች ብቻ የተሰጠ የመንፈስ ስጦታ ተብሎ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 አልተዘረዘረም። ወንድሞች ቢልጡ፣ ወጣቶች ወንበር ቢደረድሩ፣ ሽማግሌዎች ድስት ቢያጥቡ፣ በዓል ማዘጋጀት ማንንም አይሰብርም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የቤት ለቤት ኅብረት መሪዎች ስም ይጻፉ፤ ማን ብቻውን ነው? ማን በቅርቡ መጣ? ማን በዚህ ዓመት ሐዘን ደረሰበት? የማን ጋብቻ ፈረሰ? ሥራው ማስታወቂያ መናገር ብቻ አይሁን። «እንዳትቀሩ» ብሎ ከመድረክ መናገር ሌላ ነው፤ «እኔ መጥቼ እወስድሃለሁ፣ በስንት ሰዓት ልምጣ?» ማለት ሌላ ነው።

ሁለተኛ፣ የበዓል ማዕድ በትኬት አይሁን። የሚችል ያዋጣ፤ የማይችል ይብላ፤ ማን እንዳዋጣና ማን እንዳላዋጣ አይታወቅ።

ሦስተኛ፣ ሥራ ላይ ያሉትን እንቍጠር። በነርሲንግ ሆም አረጋውያንን እያገላበጠች የምታድር እህት፣ በፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ የሚያነጋ ወንድም ምሳችን ላይ መድረስ አይችሉም። ድርሻቸው በሳህን ተሸፍኖ ይድረሳቸው። ነህምያ «ላኩ» ያለው ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ ፈጽሞ መምጣት የማይችሉትን አንርሳ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ብዙ ጉባኤዎች ዓርብ ይሰበሰባሉ፤ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙ እህቶቻችን ግን ያቺን ዓርብ እንኳ አያገኟትም። በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ የሚሄዱበት የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ነጻነት ያለን እኛ በበዓል ማለዳ ስልክ ደውለን አብረን ብንጸልይ፣ ልጆቻችን በስልክ «እንኳን አደረሰሽ» ቢሏቸው ምን ይጎድልብናል?

አምስተኛ፣ ልጆቻችንን ሥራ እንስጣቸው። በባዕድ አገር የተወለደ ልጅ ስለ በዓል ስብከት ሰምቶ ብቻ በዓልን አይወድም። ዳቦ ቆርሶ ለእንግዳ ካቀረበ፣ ለማያውቃቸው አዛውንት ውኃ አስታጥቦ ከተመረቀ ግን፣ አማርኛው ቢሰባበርም እንኳ ወንጌሉ ይገባዋል። ያኔ የሚያስታውሰው የቀን ክርክራችንን ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ሰው የምትሰበስብ መሆኗን ነው።

ይህን የምታነቡ፣ ገና ጌታን ያላወቃችሁ፣ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ርቃችሁ የቆያችሁ ወገኖች፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። በበዓል ቀን የአገራችሁን ምግብ ናፍቃችሁ፣ ቋንቋችሁን መስማት ፈልጋችሁ ብቻ ብትመጡም ኑ። ለቡና ብላችሁ በመምጣታችሁ አትፈሩ። ጌታችን ራሱ ከቀራጮችና ከኃጢአተኞች ጋር እየበላ ነው ብዙዎችን የጠራው። ሞቶ የተነሣው ለእናንተም ነው። ማንም በር ላይ ቢያጉረመርምባችሁ በደለኛው እርሱ ነው፤ ቤቱ የአባታችን ነው።

መሪዎችና ሽማግሌዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው የበዓል ስብሰባችሁ አጀንዳ ላይ የመጀመሪያውን መስመር ለቀረው ሰው ስጡት። ስሞቹ ተጽፈው፣ የሚሄድባቸው ሰው ከተመደበ በኋላ ስለ ቀኑ ተወያዩ። ያኔ ውይይቱ አጭር እንደሚሆን አምናለሁ፤ ሰዎቹ በሚመቻቸው ቀን ይሆናላ!

ብቸኞችን በቤት የሚያኖር እግዚአብሔር፣ በያላችሁበት አገር ማዕዳችሁን ይባርክ፤ በሮቻችሁንም ይክፈት። አሜን።