ስኔክ ፕላንትና የተዘጋ መስኮት

«ጋሼ፣ ይህቺን መኝታ ቤት ያስቀምጧት። ሌሊት ኦክስጅን ትሰጣለች፤ አየሩንም ታጣራለች።» መንገድ ዳር ስኔክ ፕላንት በገዛሁ ቁጥር ይህን እሰማለሁ። በሻጩ አልፈርድም፤ የሰማውን ነው የሚነግረኝ። ጠቤ ወሬውን እንደ ሳይንስ ተቀብለን ቤት ከምንገባው ከእኛ ከገዢዎቹ ጋር ነው።

የወሬው ሥር ናሳ በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ነው። ተመራማሪው ቢል ወልቨርተን ስኔክ ፕላንትን ጨምሮ የተለያዩ ተክሎችን በታሸጉ ሳጥኖች ውስጥ አስቀምጦ፣ ፎርማልዲሃይድን የመሳሰሉ ጋዞች ሲቀንሱ አየ። ውሸት አላወራም። ሳሎን ግን የታሸገ ሳጥን አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ብራያን ከሚንግስና ማይክል ዋሪንግ የቀደሙ ሙከራዎችን ሰብስበው አሰሉ፦ ተክል የተለመደውን የአየር ዝውውር ያህል እንዲያጸዳ በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1,000 ያስፈልጋል። ሳሎኑ 20 ካሬ የሆነ ሰው በትንሹ 200 ፖት ሊደረድር ነው። ሶፋውን የት ሊያደርገው?

የሌሊቱ ኦክስጅንም ያው ነው። ተክሉ ውሃ ለመቆጠብ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ሌሊት ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ ይህ እውነት ነው። ኦክስጅን የሚሠራው ግን በብርሃን ነው፤ መብራት አጥፍተን ስንተኛ እሱም ሥራውን አቁሟል።

ይህ ሁሉ ባያስቀይመኝም አንድ ነገር ያስፈራኛል። እኛ ታክሲ ውስጥ መስኮት ሲከፈት «ብርድ ገባ፣ ዝጋው!» የምንል ሰዎች ነን። ክረምት ሲመጣ በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርገን ከሰል እናቀጣጥላለን፣ ቡና እናፈላለን፣ ዕጣን እናጨሳለን። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለው፤ ተኝቶ ያልነቃ ሰው መርዶ ያልሰማ ማን አለ? አንድ ወዳጄ ቤት ምድጃው አጠገብ ሁለት ፖት ተቀምጦ አይቼ ምክንያቱን ብጠይቅ፣ «ጭሱን ይመጥልናል» አሉኝ። ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚያስወጣው የተከፈተ መስኮት ነው፤ ከዚያም ይሻላል ከሰሉን ደጅ ማድረግ።

ተክሉንማ እወደዋለሁ። ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ቻይ ነው፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ብትረሳው አይቀየምም። የሚገድለው ቸርነት ነው፦ አፈሩ ሳይደርቅ ደጋግመህ ስታጠጣው ሥሩ ይበሰብሳል። ደስ የሚለው ሰው ለመልኩ ይግዛው።

የእኔ ሦስቱ መስኮት ሥር ናቸው። ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ «ኧረ ብርድ ገባ!» አለች። ፖቶቹን ከንፋሱ ፈቀቅ አድርጌ መስኮቱን እንደተከፈተ ተውኩት።