ከአውሬ መጥሪያው በፊት በረቱ ይጥበቅ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። ሌሊት አህያውን ወይም በጉን ያጣ አርሶ አደር የዚህን ተረት ትርጉም ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሲነጋ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ዱካ ይታያል፤ ዱላና ጦር ይነሳል። ጅቡ ግን በልቶና ጠግቦ ጉድጓዱ ገብቷል። የጠፋውም አንድ እንስሳ ብቻ አይደለም። አህያ ለአርሶ አደሩ ቤተሰብ ውኃ ከምንጭ የምታመጣ፣ እህል ወፍጮ ቤት የምታደርስ፣ ማዳበሪያ ከመጋዘን የምትጭን የቤቱ ጉልበት ናት።

ከእንዲህ ያለው ጥቃት በኋላ «ምን እናድርግ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ከቁጣ የሚመነጭ ነው። አንዱ መርዝ ያስባል፤ ሌላው ጠመንጃ ያነሳል። አሁን ደግሞ በውጭ አገር ለአደን የሚሸጠውን የኤሌክትሮኒክስ የአውሬ መጥሪያ በስልኩ ያየ ሰው «ወረዳው ይህን ቢገዛልንስ?» ማለቱ አይቀርም። ስለሆነም ስለ መሣሪያው ምንነት፣ ስለ ጥቅሙና ስለ ጉዳቱ ከወዲሁ መነጋገር ያስፈልጋል።

መሣሪያው ባጭሩ ድምፅ ማጉያ፣ ድምፅ የሚከማችበት ማኅደረ ትውስታና የርቀት መቆጣጠሪያ ያለው ሣጥን ነው። የተያዘች ጥንቸል ጩኸት፣ የግልገል ለቅሶ ወይም ጅቦች በሥጋ ላይ ሲጣሉ የሚያሰሙት ድምፅ ይጫንበታል። አዳኙ ራቅ ብሎ ተደብቆ ድምፁን ያሰማል፤ የተራበው አውሬም ምግብ ያገኘ መስሎት ይመጣል። በአሜሪካ በሸክላና በካሴት ተጀምሮ ዛሬ በዲጂታል የሚሠራው ይህ መሣሪያ በብዛት የሚያገለግለው ኮዮቴ የሚባለውን የዚያ አገር የቀበሮ ዘመድ ለማደን ነው። በደቡብ አፍሪካም በግ አርቢዎች ቀበሮን በድምፅ እየጠሩ ይተኩሳሉ። ተመራማሪዎች ደግሞ ያለ ጥይት ይጠቀሙበታል፤ ሌሊት ድምፁን አሰምተው የሚመጡትን ጅቦች ይቆጥራሉ። በአገራችንም የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጅብን በዚህ ዘዴ ቆጥረዋል።

መሣሪያው በራሱ ክፉ አይደለም። ሆኖም «የትኛው ይጮኻል? የትኛው ርካሽ ነው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት መልስ የሚሹ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። የሚጠራው የትኛው አውሬ ነው? መሣሪያው በማን እጅ ይገባል? በማን ፈቃድ? መጥሪያው የመጣውን ሁሉ ይጠራል እንጂ አይመርጥም። የሚመርጠው ሰው ነው።

ይህ ጉዳይ በክልላችን ከሌሎች አካባቢዎች የበለጠ ክብደት አለው። በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ተራሮች በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በአገሪቱ ያለው ለአካለ መጠን የደረሰ ቀይ ቀበሮ በሙሉ ቢደመር ከ500 አይበልጥም። የዚህ እንስሳ ዋና ምግብ አይጥና ፍልፈል ነው። ገብሳችንን ከሚያጠፋብን ተባይ ጋር የሚዋጋልን እሱ ነው ማለት ነው። የትንሽ እንስሳ ጩኸት የሚያሰማ መሣሪያ በነዚህ ተራሮች አካባቢ ቢከፈት ግን በግ የሚሰርቀው ተራ ቀበሮ ብቻ ይመጣል ብሎ ዋስትና የሚሰጥ የለም። በቀን ብርሃን ቀይ ቀበሮን በቀይ ጠጉሩ፣ በነጭ ጉሮሮው፣ በረጅም እግሩና በቀጭን አፉ መለየት ይቻላል። በጨለማ በባትሪ ብርሃን የሚታየው ግን የሚያበራ ዓይን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር አውሬ የሚማር መሆኑ ነው። ድምፁን ሰምቶ መጥቶ፣ ተተኩሶበት ያመለጠ ቀበሮ በዚያ ድምፅ ዳግመኛ አይታለልም። የደቡብ አፍሪካ በግ አርቢዎች ይህን በተግባር አይተውታል። ልምድ የሌለው ወጣት በየሳምንቱ መሣሪያውን እየከፈተ ቢተኩስ ጥቂት አውሬ ገድሎ ብዙ አውሬ ያስተምራል። በእውነት ጥፋተኛ የሆነውን አንድ አውሬ ማስወገድ በሚያስፈልግበት ቀን መሣሪያው ዋጋ ያጣል። በዚያ ላይ የተገደለው ጅብ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ የሚበላ ነገር እስካለ ድረስ የጎረቤቱ ጅብ ይመጣበታል።

ሦስተኛው ጉዳይ ሕግ ነው። በየዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን የተከለከለ ነው። አውሬው ጉዳት አድርሷል ማለት ማንም ተነስቶ ያድነው ማለት አይደለም። ቀበሌው ለወረዳው፣ ወረዳውም የዱር እንስሳት ጥበቃን ለሚመለከተው የክልል መሥሪያ ቤት አመልክቶ ባለሙያ ሲያረጋግጥና ሲፈቀድ ብቻ እርምጃ ይወሰዳል። አካሄዱ ይዘገያል የሚለው የአርሶ አደሩ ቅሬታ መሠረት አለው። መዘግየቱን ማሳጠር ግን የጽሕፈት ቤቶቹ ሥራ ነው፤ ሕጉን መዝለል መፍትሔ አይሆንም።

ታዲያ መጀመሪያ ምን ይሠራ? ከሁሉ በፊት ገዳዩ ይታወቅ። በግ በሞተ ቁጥር ጅብና ቀበሮ ይከሰሳሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው የጎረቤት ውሻ ነው። ውሻ ብዙ በጎችን በየቦታው ነክሶ ያቆስላል፤ ብዙውንም ሳይበላ ይተዋል። ነብር ጉሮሮ ይይዛል፤ የገደለውንም ጎትቶ ይሸሽጋል። ጅብ አጥንቱን ጭምር ሰባብሮ ስለሚበላ የሚተወው ጥቂት ነው። በዱካም ይለያሉ። የውሻና የጅብ ዱካ የጥፍር ምልክት አለው፤ የነብር ግን የለውም። የጅብ የፊት እግር ዱካ ከኋላው ይሰፋል። የልማት ጣቢያ ባለሙያዎች ይህን አውቀው በእያንዳንዱ ቀበሌ መዝገብ ቢከፍቱ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የተበላውን እንስሳ፣ በረት ውስጥ ወይም ውጭ መሆኑንና የታየውን ዱካ ቢመዘግቡ፣ ወረዳው በወሬ ሳይሆን በማስረጃ ይወስናል።

ቀጥሎ በረቱ ይጥበቅ። ጅብ አጥሩን ገፍቶ ወይም ከሥሩ ቆፍሮ ይገባል፤ ነብር ይዘላል። ስለዚህ የድንጋይ ካብ ከሥሩ ጀምሮ ክፍተት ሊኖረው አይገባም። የእሾህ አጥርም ደርቆ ሲሳሳ መታደስ አለበት። ነብር ባለበት አካባቢ ለበግና ለፍየል ጣሪያ ያለው ጉረኖ ያስፈልጋል። በሩ ከአጥሩ እኩል ይጠንክር፤ ጠንካራ ካብ ሠርቶ በሩን በሁለት እንጨት መዝጋት ድካምን ከንቱ ያደርጋል። አህያ ደግሞ ከበሬና ከላም እኩል በረት ይገባታል። ቀኑን ሙሉ ጭና የዋለችን አህያ ሌሊት ሜዳ ላይ መተው ጅብን ራት እንደ መጋበዝ ነው።

ጊዜውንም ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በትግራይ የተካሄደ ጥናት በጅብ ኩስ ውስጥ የተገኘውን ጠጉር መርምሮ ነበር። በዐቢይ ጾም ወቅት የአህያ ጠጉር የተገኘበት ኩስ ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ሥጋ መብላት ሲያቆም የሚጣለው አጥንትና የሆድ ዕቃ ይቀንሳል፤ ጅቡም ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። እንግዲያውስ የአህያ ጥበቃ በተለይ በነዚያ 55 ቀናት መጠናከር አለበት። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የቀን መቁጠሪያ ማየት ይበቃል።

ጅብ የሚሰጠውን አገልግሎትም አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት በመቀሌና አካባቢዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚሆን የእንስሳት ጥንብ እንደሚያስወግዱ አስልቷል። ይህም ሰውንና ከብትን ከአባ ሰንጋና ከከብት የሳንባ ነቀርሳ እንደሚያድን ጥናቱ ያመለክታል። ይህ ማለት ግን ጥንብ በመንደር ዳር ይጣል ማለት አይደለም። በበረት አጠገብ የተጣለ ሬሳ ጅብን ወደ በረቱ ያለማምደዋል። የሞተ ከብት ከመንደር ርቆ መወገድ፣ በበሽታ የተጠረጠረ ከሆነም በእንስሳት ጤና ባለሙያ ምክር በጥልቀት መቀበር አለበት።

ብርሃንም ይረዳል። በኬንያ፣ ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ያደገው ሪቻርድ ቱሬሬ ገና ልጅ ሳለ ብልጭ ድርግም የሚሉ አምፖሎችን በፀሐይ ኃይል በሚሞላ ባትሪ በበረቱ ዙሪያ አሠርቶ አንበሶችን ከአባቱ ከብቶች አርቋል። አውሬን በድምፅ ከመጥራት በብርሃን ማራቅ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ብርሃኑ ቦታው ካልተቀያየረ አውሬ ሊለምደው ስለሚችል ግን የአጥርን ቦታ አይተካም።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ፣ ቁጥራቸውን ለማወቅ ወይም ከፈቃድ ጋር አንድ ጥፋተኛ አውሬ ለማስወገድ መጥሪያ ያስፈልጋል ከተባለ፣ ግዥው በእውቀት ይሁን። በመጀመሪያ ድምፁ ይታይ። ከአሜሪካ የሚመጣ መሣሪያ በአብዛኛው የተሞላው በዚያ አገር ጥንቸልና ወፍ ጩኸት ነው። ስለዚህ የራሳችንን ግልገል፣ የራሳችንን ጅብ ድምፅ መጫን የሚቻልበት መሆን አለበት። ድምፁ ከእውነተኛ እንስሳ የተቀዳ፣ ፋይሉም ብዙ ያልታመቀ ይሁን። ሁለተኛ፣ ድምፅ ማጉያው ይፈተሽ። ቀጭን ጩኸት በመለከት ቅርጽ ማጉያ ሩቅ ይሄዳል፤ የጅብን ወፍራም ጥሪ ግን ትንሽ ማጉያ አያወጣውም፤ ሰፊ ማጉያ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈ ቁጥር አያታልል። የድምፅ ጉልበት የሚወዳደረው በአንድ ዓይነት ርቀት ሲለካ ብቻ ነው። በገላጣ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። በ1 ሜትር ላይ 110 ዴሲቤል የነበረው 1 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ 50 ገደማ ይሆናል፤ ነፋስና ገደል ካለም ከዚያ ያንሳል። የርቀት መቆጣጠሪያውም እንዲሁ ነው፤ በሜዳ የሚሠራበት ርቀት በሸንተረርና በጥሻ ውስጥ በእጅጉ ያጥራል። አራተኛ፣ ባትሪው በደጋ ብርድ የማይዳከም፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ፣ መለዋወጫውም በቅርብ ከተማ የሚገኝ ይሁን። ባትሪው ሲያልቅ በወረዳ መጋዘን አቧራ የሚጠጣ ዕቃ የሕዝብ ገንዘብ ብክነት ነው። አምስተኛ፣ ለማን እንደተሰጠ፣ መቼና የት እንደተከፈተ የሚመዘገብበት ሰነድ ይኑረው፤ በግለሰብ ቤትም አይቀመጥ።

አጠቃቀሙም ጥንቃቄ ይሻል። መጥሪያው የሚጠራው የተራበ አውሬ ነውና በመንደር፣ በበረት፣ በትምህርት ቤትና ሰው ሜዳ ላይ በሚያድርበት አካባቢ ፈጽሞ መከፈት የለበትም። ድምፅ ማጉያው ከሰው ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ አውሬው የሚመጣው ወደ ድምፁ ነውና። ነፋስም ይታይ፤ አውሬ ብዙ ጊዜ ዞሮ ሽታ ወደሚያገኝበት አቅጣጫ ይመጣል። ሰውን የማይፈራ፣ የሚንገዳገድ ወይም ምራቁ የሚዝረበረብ አውሬ ከታየ በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ሊሆን ስለሚችል ማንም አይቅረበው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ «ቁስሉ ትንሽ ነው» ብሎ መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል።

በአጠቃላይ የወረዳ አመራሮች በመጪው በጀት ስለ አውሬ ጥቃት ሲያቅዱ የመጀመሪያውን ብር ለመጥሪያ ሳይሆን ለበረት ማጠናከሪያ፣ ለመዝገብና ለባለሙያ ሥልጠና ይመድቡ። አቤቱታ ለሚያቀርብ አርሶ አደርም በቀናት ውስጥ ምላሽ የሚሰጥ ሰው ይመድቡ፤ መልስ ያጣ ሰው ነውና ወደ መርዝ የሚሄደው። መርዙ ደግሞ ጅቡን ብቻ አይገድልም፤ ውሻን፣ ጥንብ አንሳንና ቀይ ቀበሮን ጭምር ይጨርሳል። አርሶ አደሩም ዛሬ ማታ በሩን ይይ፤ የሳሳውን አጥር ይደፍን፤ አህያዋን ያስገባ። ውሻው ጅቡ ከሄደ በኋላ ሳይሆን ሲመጣ እንዲጮኽ የምናደርገው በዚህ መንገድ ነው።