ዕረፍትን ማን ይቆጥራል? ከአል ሂላል ሜዳ እስከ ሰው ቤት

የሪያዱ አል ሂላል እግር ኳስ ክለብ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በሳዑዲ ሱፐር ካፕ እንደማይሳተፍ ሲያስታውቅ የሰጠው ምክንያት ብዙዎችን አነጋግሯል። ተጫዋቾቹ ደክመዋል፣ በቂ ዕረፍትም አላገኙም የሚል ነበር። ጉዳዩ በዝምታ አልታለፈም። የሳዑዲ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ክለቡን 500,000 ሪያል ቀጣው፤ ከ2026-27ቱ ሱፐር ካፕም አገደው። ቦታውን የተካው የጅዳው አል አህሊ ሆንግ ኮንግ ድረስ ሄዶ ኦገስት 23 ቀን አል ናስርን በመለያ ምት አሸነፈና ዋንጫውን ወሰደ።

አል ሂላል ገንዘብም ተሰሚነትም ያለው ክለብ ነው። እንዲህ ያለው ክለብ «ደክሞናል» ማለቱ ይህን ያህል ካስከፈለው፣ ብቻዋን በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ያንኑ ቃል ለመናገር ምን ያህል እንደምትፈራ መገመት አያዳግትም። የስፖርቱ ክርክር ከስፖርት ገጹ ወጥቶ መታየት ያለበትም ለዚህ ነው።

የክለቡ የሥራ ጫና ምን ይመስል ነበር? የውድድር ዓመቱን የጀመረው በኦገስት 2024 ሱፐር ካፑን በማንሳት ነው። ከዚያ ሊጉ፣ የእስያው ውድድርም ተከታተሉ። ሊጉ አልቆ ሌሎቹ ክለቦች ለዕረፍት ሲበተኑ አል ሂላል ለክለቦች የዓለም ዋንጫ ወደ አሜሪካ በረረ። ጁን 18 ከሪያል ማድሪድ ጋር 1ለ1 ወጣ። ጁን 30 ማንቸስተር ሲቲን በጭማሪ ሰዓት 4ለ3 አሸነፈ። ከ4 ቀን በኋላ በፍሉሚኔንሴ 2ለ1 ተሸንፎ ተሰናበተ። አምበሉ ሳሌም አል ዳውሳሪ ተጎድቶ ስለነበር የመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች አመለጡት።

ከጁላይ 4 እስከ ሱፐር ካፑ ስድስት ሳምንት ያህል ነበር፤ ይህ አይበቃም ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንድ ወር ገደማ ዕረፍት ከተወሰደ ግን ለልምምድ የሚቀረው ከሦስት ሳምንት በታች ነው። አርፎ የተመለሰ ጡንቻ ቀስ በቀስ ካልተለማመደ በድንገተኛ ሩጫ ሊበጠስ ይችላል። በረመዳን ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ስትሠራ የከረመች ሴት ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልጋትም፤ በዒድ ማግስት አንድ ሌሊት መተኛት የወሩን ድካም አያወጣም።

ሕንዳውያንና ፓኪስታናውያን ሾፌሮች የሚወዱት ክሪኬትም ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሞታል። ሕንዳዊው ኳስ ወርዋሪ ጃስፕሪት ቡምራ በአውስትራሊያ በተደረጉ 5 ጨዋታዎች ከ900 በላይ ኳስ ወረወረ። በጃንዋሪ 2025፣ በመጨረሻው ጨዋታ፣ ጀርባውን አመመውና ሥራውን ሳይጨርስ ቀረ። በዚያው ዓመት ቡድኑ ወደ እንግሊዝ ሲሄድ ግን ከ5ቱ ጨዋታዎች በ3ቱ ብቻ እንደሚሰለፍ ቀድሞ ተወሰነ። ሕንድ ያሸነፈችው ሁለት ጨዋታ ሲሆን፣ ሁለቱም እሱ ያረፈባቸው ነበሩ። አንድ ሰው ቢያርፍ ሥራው ይቆማል የሚለው ስጋት ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

የኛዋ ትዕግስት አሰፋም በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ከሰበረች በኋላ በየሳምንቱ ማራቶን አልሮጠችም። በ2024 ለንደንንና የፓሪስ ኦሊምፒክን፣ በ2025 ለንደንንና የቶኪዮውን የዓለም ሻምፒዮና ሮጠች። በዓመት ሁለት ማለት ነው። በመካከል ያሉት ወራት የሥራዋ አካል ናቸው።

በጁላይ 2025 ፊፋ ከተጫዋቾች ማኅበራት ተወካዮች ጋር ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስቦ በሁለት ጨዋታዎች መካከል ቢያንስ 72 ሰዓት፣ በውድድር ዓመቱ ማብቂያም ቢያንስ 21 ቀን ዕረፍት ሊኖር ይገባል አለ። ትልቁ ዓለም አቀፍ የተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ ግን በስብሰባው አልነበረም። ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ ቁጥሩን የሚያስከብረው ማን እንደሆነ ግን አሁንም ያከራክራል።

ሪያድም የራሷ ቁጥሮች አሏት። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በቀጥታ ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። በኦክቶበር 2024 ሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ ደግሞ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በቀን ቢያንስ 8 ተከታታይ ሰዓት፣ በሳምንትም 24 ተከታታይ ሰዓት ከነክፍያው ዕረፍት እንዲኖር ያዛል።

የሁለቱ ልዩነት ቁጥሩ ላይ አይደለም። የግንባታ ሠራተኛ በቀትር ሲሠራ መንገደኛም ተቆጣጣሪም ያየዋል። ቤት ግን በር አለው። ቡምራን የሚቆጥርለት ሐኪምና አሠልጣኝ አለ፤ ለቤት ሠራተኛ ቆጣሪዋ ራሷ ናት።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠቅማል። አንደኛው የሳምንቱን የዕረፍት ቀን ገና ሥራ ሲጀመር፣ ድካምና ቅሬታ ሳይመጣ፣ ከማዳም ጋር ቀን ጠቅሶ መነጋገር ነው። ሁለተኛው ሥራ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት በየቀኑ ስልክ ላይ መጻፍ ነው። መጻፉ ብቻውን ዕረፍት አያመጣም። ነገር ግን በ19911 ለሠራተኛ ሚኒስቴሩ የምትደውል ሴት «በጣም ደክሞኛል» ከማለት ይልቅ «በዚህ ወር አንድም ቀን አላረፍኩም፣ በቀን 15 ሰዓት ሠርቻለሁ» ብትል፣ የሚሰማት ሰው ከደንቡ ጋር የሚያመሳክረው ነገር ያገኛል።