ዳይሬክተሩ አናጢ፣ ዳይሬክተሯ ቲኬት ቆራጭ

«ሥራ በዛብኝ» የማይል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ካገኛችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። የኪነ ጥበብ ሰዎቻችንንማ አታንሷቸው! የቴአትር ቡድን ያቋቋመ ወይም የግጥም ምሽት የሚያዘጋጅ ወዳጅ ያለው ሰው ዝርዝሩን በቃሉ ያውቀዋል፤ «ድርሰቱን እኔ፣ ዝግጅቱን እኔ፣ ፖስተር መለጠፉን እኔ፣ አዳራሽ ለማግኘት ደጅ መጥናቱን እኔ፣ መጨረሻ ላይ ወንበር መደርደሩንም እኔ…»። እኛም «አቤት ፍቅር! አቤት ትጋት!» ብለን እናጨበጭባለን።

እንግዲህ የዛሬው ወሬያችን በዚህች ጭብጨባ ላይ ነው። ጭብጨባው ይቅር አልልም። ግን ለሰውዬው ድካም ስናጨበጭብ የድካሙን ሂሳብ ማን እንደሚከፍለው መጠየቅ የዘነጋን ይመስለኛል። ምስክር ፍለጋ ሩቅ ልወስዳችሁ ነው፤ ኒውዮርክ፣ ያውም ኦፔራ ቤት።

ኦፔራ ስላልኩ ፊታችሁን እንዳታዞሩ! ኦፔራ ማለት በአጭሩ ንግግሩ የሚዘፈን ቴአትር ነው። ጣጣው ወጪው ላይ ነው። ቴአትር ተዋናይ ይፈልጋል፤ ኮንሰርት ሙዚቀኛ ይፈልጋል፤ ኦፔራ ደግሞ ሁለቱንም ይፈልጋል። በዚያ ላይ አጃቢ ዘማሪ፣ በዚያ ላይ የንጉሥ ልብስ፣ በዚያ ላይ ቤተ መንግሥት የሚመስል ዲኮር… ስለዚህ ኦፔራ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መንግሥት ወይም ባለጠጋ የሚደጉመው ትልቅ ቤት ነው። ኒውዮርክም ያ ትልቁ ቤት አላት። ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ይባላል፤ አዳራሹ ወደ 3,800 ሰው ይይዛል።

የእኛ ምስክሮች ግን እዚያ አይደሉም። አንቶኒ አማቶ (ሁሉም ቶኒ ነበር የሚለው) ጣሊያን ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። ሚስቱ ሳሊ ትባላለች። ሁለቱም ዘፋኞች ነበሩ፤ በ1945 እ.ኤ.አ. ተጋቡ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በ1948 የራሳቸውን ኦፔራ አቋቋሙ። መነሻቸው ግሪኒች ቪሌጅ በሚባለው ሰፈር ያለ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መግቢያው ነፃ ነበር፤ በእረፍት ሰዓት መዋጮ ይሰበሰባል። በ1964 ባወሪ በተባለው ጎዳና ላይ የራሳቸው ወደሆነ ሕንፃ ገቡ። ባወሪ ያኔ ቤት የሌላቸውና መጠጥ የጣላቸው ሰዎች የሚያድሩበት ጎዳና ነበር።

አዳራሹ ስንት ወንበር ነበረው መሰላችሁ? 107! ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ተጨናንቀን የምንሳፈረው የከተማ አውቶቡስ ያን ያህል ሰው ይጭናል። መድረኩ ደግሞ ስድስት ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው። በዚህ መድረክ ላይ «አይዳ»ን ሳይቀር አሳይተውበታል። «አይዳ» የጣሊያናዊው የቬርዲ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ የታየው በ1871 ካይሮ ላይ ነው። ባለታሪኳ በግብፅ የተማረከች ኢትዮጵያዊት ልዕልት ስለሆነች ነገሩ እኛንም ይመለከተናል! በታሪኩ ውስጥ የፈርዖን ጦር ድል አድርጎ፣ ምርኮኛ አስከትሎ ይገባል። ትልልቆቹ ቤቶች ለዚህ ትዕይንት መድረኩን በሰው ያጥለቀልቁታል። በስድስት ሜትር መድረክ ላይ ግን… ሳሎን ውስጥ የአምስት መቶ ሰው ሠርግ እንደ መደገስ ቁጠሩት።

አሁን ወደ ሥራ ዝርዝሩ እንምጣ። ቶኒ አዘጋጅ ነው። ልምምዱን የሚመራው እሱ፣ ማታ ከመድረኩ ሥር ቆሞ ሙዚቃውን የሚመራውም እሱ ነው። ዘፋኝ ግጥም ሲጠፋበት ከታች ሆኖ የሚያስታውስ እሱ፣ ዲኮር ሲሠራ መዶሻ የሚያነሳም እሱ። ሳሊ ደግሞ ትዘፍናለች፤ አልባሳቱን ትሰፋለች፤ በር ላይ ቲኬት ትቆርጣለች፤ ትዕይንቱ ሲጀመር መብራቱን ትቆጣጠራለች፤ የሂሳብ መዝገቡን ትይዛለች። በመሃል ለቡድኑ ምግብ ታበስላለች። እንዲህ የተመሠረተው ቤት ስድሳ አንድ ዓመት ቆየ!

የተለመደው የስኬት ታሪክ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ «ትጋት ካለ የማይቻል የለም» ብዬ እሰናበታችሁ ነበር። ግን ሂሳቡን እንክፈት ብለናል። ያንን ቤት ያቆመው እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው? አይመስለኝም። እኔ ሌላ ሦስት ነገር አያለሁ።

አንደኛ፣ ሳሊ። «አንድ ሰው ሁሉን ሠራ» ሲባል ብዙ ጊዜ ከኋላ ስሙ በፖስተር ላይ የማይጎላ ሌላ ሰው አለ። ኮንዳክተር ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶም ቢሆን ይታያል፤ መብራት የምታበራዋ ግን ጨለማ ውስጥ ናት። የእኛንም ቡድኖች እስቲ ተመልከቱ። ሂሳቡን የምትይዘው ልጅ ማናት? ቡናና ሳንድዊቹን የምታቀርበውስ? ጭብጨባው እሷ ጋ ይደርሳል?

ሁለተኛ፣ ጣሪያ። አማቶዎች ሕንፃው የራሳቸው ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ጎረቤታቸውን ማየት ይበቃል። እዚያው ባወሪ ላይ፣ በጥቂት እርምጃ ርቀት፣ ሲቢጂቢ የሚባል የሙዚቃ ክበብ ነበር። በ1973 ተከፍቶ ለፓንክ ሮክ መፍለቂያ የሆነ፣ በዓለም የታወቀ ቤት ነው። በ2006 ተዘጋ። ምክንያቱ? ከአከራዩ ጋር በኪራይ አለመስማማት! በዓለም የታወቀውን ኪራይ አባረረው፤ 107 ወንበር ያለው ግን የሚዘጋበትን ቀን ራሱ መረጠ። ኪራይ በየዓመቱ ሲጨምር እያየ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ልምምድ ቦታ አጥተው የተበተኑ ቡድኖችን ቁጠሩና ስንፍና የበተነውን ከኪራይ ከበተነው ጋር አወዳድሩት።

ሦስተኛው ትንሽ ይቆረቁራል። ዘፋኞቹ አይከፈላቸውም ነበር። አዎ፣ በነፃ ነው የሚዘፍኑት። «ብዝበዛ ነው» የሚል ይኖራል፤ ቅሬታው ተራ አይደለም። በነፃ መዝፈን የሚችለው ቀን ሌላ ሥራ ያለው ወይም ቤተሰብ የሚረዳው ነው፤ ያ የሌለው ተሰጥኦ በር ላይ ቀርቷል ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን ትልልቆቹ ቤቶች ለጀማሪ ዋና ገጸ ባሕርይ አይሰጡም። ዋና ገጸ ባሕርይ ሳይጫወቱ ደግሞ ልምድ አይገኝም። (ሥራ ፈላጊ ወዳጆቼ፣ «የሁለት ዓመት ልምድ ያለው» የምትለዋ ማስታወቂያ ትዝ አለቻችሁ?) አማቶ ቤት ይህን ቋጠሮ ይፈታ ነበር። ወጣቱ ሙሉውን ኦፔራ በተመልካች ፊት ይጫወታል፤ ይሳሳታል፤ ደግሞ ይጫወታል። ሚኞን ደንን እና ኒል ሺኮፍን የመሳሰሉ በኋላ ሜትሮፖሊታን ላይ የዘፈኑ ሰዎች በዚያች ቤት አልፈዋል። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ በነፃ ማሠራት የሚፈቀደው በምላሹ እውነተኛ ነገር ከተሰጠ ብቻ ነው። «ለታዋቂነትህ ይጠቅምሃል» የምትባለዋ የከተማችን ክፍያ ግን እውነተኛ ነገር አይደለችም። ታዋቂነት ታክሲ አይከፍልም።

ሳሊ በ2000 ሞተች። ቶኒ ለብቻው ዘጠኝ ዓመት ቀጠለ። ከዚያ በ88 ዓመቱ «በቃኝ» አለ፤ ግንቦት 31 ቀን 2009 «የፊጋሮ ጋብቻ» ታይቶ መጋረጃው ወረደ። ቶኒም በ2011 አረፈ።

«በቃ፣ መሥራቹ ሲደክም ቤቱም ሞተ» ልትሉ ነው። ብዙ ጊዜ ፍጻሜው ይኸው ስለሆነ አልፈርድባችሁም። እኛም ዘንድ ቡድኑ መሥራቹ ውጭ አገር የሄደ ወይም ልጅ የወለደ ቀን ይበተናል። አማቶ ቤት ሲዘጋ ግን አንድ ነገር ሆነ። በዚያው ዓመት እዚያ ሲሠሩ ከነበሩት ሰዎች ሁለት አዳዲስ ትንንሽ ኦፔራዎች ተወለዱ፤ አሞሬ ኦፔራ እና ብሊከር ስትሪት ኦፔራ። አሞሬ የአማቶን አልባሳትና ዲኮር ወረሰ። ግን ልብሱ ብቻውን መድረክ አይወጣም። እኔን የሚገርመኝ ሙያው መውረሱ ነው። ትንሽ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ዘፈኑን ብቻ አይማርም፤ መጋረጃው እንዴት እንደሚወርድ፣ ዲኮሩ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ቲኬቱ እንዴት እንደሚሸጥ እያየና እየነካ ነው የሚውለው። ቤቱ ሲዘጋ ቤት መክፈት የሚያውቅ ሰው ሜዳ ላይ ነበር ማለት ነው።

«ትልቅ ቢሆንና ቦርድ ቢኖረው ኖሮ ይቀጥል ነበር» ለሚል ደግሞ አንድ ማስታወሻ። በ1943 የተመሠረተው፣ ቦርድና ትልቅ በጀት የነበረው የኒውዮርክ ከተማ ኦፔራ በ2013 ኪሳራ አውጇል። (በ2016 በአዲስ አስተዳደር ተመልሷል።) ስለዚህ ሰው ካልተተካ ቦርድ ብቻውን አያድንም።

እናም ለእናንተ፣ ለባለ ብዙ ሥራ ወዳጆቼ፦ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል ሰምታችሁ አድጋችኋል። ሎሚውን ብቻውን ተሸክሞ ላቡን የሚያሳየንን ሰው ጀግና አድርገን ያሳደግነው እኛ ነን፤ ጭብጨባችን ነው ያበላሸው። ከእንግዲህ አንዱ መጥቶ «ሁሉን የምሠራው እኔ ነኝ» ሲለን «አይ ጉብዝና!» ብለን ከመቀመጥ «መብራቱን ለማን አስተማርክ? ሂሳቡን አንቺ ብትታመሚ ማን ይይዘዋል? ኪራዩ ስንት ገባ?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው ያበሳጫቸው ይሆናል። ግን ከጭብጨባው ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

ቲኬቱንም ከፍላችሁ ግቡ እንጂ፣ «የአዘጋጁ ጓደኛ ነኝ» እያላችሁ በነፃ አትሹለኩ!