ባሕሩ ይታለብ እንጂ አይታረድ

ዕቃውን ለማስወጣት ጅቡቲ የወረደ ነጋዴ ውሎው የታወቀ ነው። ጠዋት ከትራንዚተሩ ጋር ሲነጋገር ያረፍዳል፣ ቀትር ላይ ሙቀቱን ሸሽቶ ክፍሉ ይገባል፣ ማታ የዲመሬጁን ሂሳብ ሲያሰላ ያመሻል። ባሕሩን የሚያየው እንደ መንገድ ነው፤ መርከብ ይመጣበታል፣ መርከብ ይሄድበታል። በዚያው ውሃ ውስጥ፣ ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ፣ ሌላ ገበያ መኖሩን ልብ የሚለው ግን ጥቂቱ ነው። የዚህ ገበያ ሸቀጥ ዓሣ ነው፤ የሚሸጠው ግን በኪሎ ሳይሆን በዓይን ነው።

ገበያው የጠለቃ ገበያ ይባላል። ደንበኛው መነጽሩን አድርጎ፣ የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር በጀርባው አዝሎ፣ ከባሕር ዳር በእግሩ ወደ ውሃው ይገባል። ሪፉ ለዳርቻው ቅርብ በሆነበት ቦታ ጀልባም ሆነ ነዳጅ አያስፈልገውም። በዚህም ምክንያት ከባሕር ዳር ተነስቶ መጥለቅ ከቱሪዝም ሥራዎች ሁሉ በአነስተኛ ካፒታል ሊጀመሩ ከሚችሉት አንዱ ነው። ሲሊንደሮች፣ አየር የሚሞላ ኮምፕረሰር፣ የመጥለቂያ ልብስና የሠለጠነ አስጎብኚ ካሉ ሱቁ ተከፈተ ማለት ነው። ሂሳቡም ቀላል ነው። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው አሥር ሜትር ሲጠልቅ ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን 40 ሊትር ይፈጃል። ሩቡ ለመጠባበቂያ ቢተው 45 ደቂቃ ያህል ይቀራል። ደንበኛው የሚገዛው እነዚህን ደቂቃዎች ነው።

በነዚህ ደቂቃዎች ምን ያያል? ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ጥቃቅን እንስሳት በብዙ ዘመን የገነቡት የኖራ ድንጋይ ሪፍ ይባላል፤ ከባሕር ወለል አንድ በመቶ የማይሞላ ቦታ ይዞ ከባሕር ፍጥረታት ሩቡን ያህል ያስጠልላል። አኔሞኒ የሚባለው ተናዳፊ ፍጥረት ሌላውን ዓሣ ሲያሽመደምድ ለአንዲት ቢጫ ዓሣ ግን መኖሪያዋ ነው። ከመንቁሩ የተነሳ በበቀቀን ስም የሚጠራው ዓሣ ኮራሉን እየፋቀ ይበላና ነጭ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። ኦክቶፐስ ከድንጋዩ ጋር ተመሳስሎ ተቀምጦ አጠገቡ እስኪደርሱ ድረስ አይታይም። የባሕር ኤሊ ደግሞ ሰው መጣ ብላ ግጦሿን አታቋርጥም። የሚቸኩል ጠላቂ ከዚህ ሁሉ እምብዛም አያይም፤ ቀስ የሚል ብዙ ያያል። ጥሩ አስጎብኚም ዋጋ የሚያወጣው የትኛው ፍጥረት በየትኛው ጉድጓድ እንደሚያድር ስለሚያውቅ ነው።

ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባው ታዲያ ይህ ነው። ዛሬ የታየው ኦክቶፐስ ነገም ይታያል። የተሸጠው ዕቃ ከመደብሩ አልወጣም። የተጠመደ ዓሣ ግን አንድ ጊዜ ተሽጦ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1993 በማልዲቭስ የተደረገ ጥናት ይህንኑ በዶላር አስቀምጦት ነበር። አንድ የሪፍ ሻርክ ተጠምዶ ሲሸጥ ለአጥማጁ 32 ዶላር ያስገኛል፤ በሕይወት ሲኖር ግን ሊያዩት ከሚመጡ ጠላቂዎች በአማካይ በዓመት 3,300 ዶላር ያስገባል። ማልዲቭስ እ.ኤ.አ. በ2010 ሻርክ ማጥመድን ከልክላለች። የምትታለብ ላም እንደማትታረድ ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ ባሕር ላይ ሲደርስ ግን ይህ እውቀት ይረሳል።

ይሁን እንጂ ላሟን ሳያርዱም መጨረስ ይቻላል። አብዝቶ ማለብ ይበቃል። የእስራኤሏ ኤይላት ለዚህ ምስክር ናት። አገሪቱ በቀይ ባሕር ያላት ዳርቻ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ የኮራሉ ጥብቅ ስፍራ ደግሞ ከ1.2 ኪሎ ሜትር አያልፍም። በዚህች ጠባብ ዳርቻ በዓመት ከ250 ሺህ በላይ ጠለቃ ይደረግ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አመልክቷል። ብዙ ሰው በሚጠልቅባቸው ቦታዎች ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኮራል ተሰባብሮ ተገኘ። ሰባሪው ክፉ ሰው አልነበረም። ሚዛኑን መጠበቅ ያልቻለ ጀማሪ በጫማው ክንፍ ይመታዋል፣ ፎቶ የሚያነሳው ይደገፍበታል። ቅርንጫፍ ያለው ኮራል በዓመት የሚያድገው ቢበዛ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ድብልብሉ ግን አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ለመጨመር ዓመት ይፈጅበታል። በአንድ ደቂቃ የተሰበረው በአንድ ትውልድ አይተካም። በግብፅ ዳርቻ ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት አንድ የጠለቃ ቦታ በዓመት ሊሸከም የሚችለው ከ5,000 እስከ 6,000 ጠለቃ መሆኑን ገምቷል። ከዚያ በላይ የሚገባው ገንዘብ ትርፍ ሳይሆን ከዋናው ላይ የሚበላ ነው።

ኤይላት ሁለተኛም ትምህርት አላት። በ1990ዎቹ በባሕረ ሰላጤዋ ውስጥ በመረብ ጎጆ ዓሣ የሚያረቡ ድርጅቶች ተስፋፍተው በዓመት ከሁለት ሺህ ቶን በላይ ያመርቱ ነበር። ሥራው ሕጋዊ ነበር፣ ሠራተኛም ቀጥሯል። ከጎጆዎቹ የሚወጣው ቆሻሻና የተረፈ መኖ ግን ውሃውን እያደለበ ኮራሉን ይጎዳል የሚል ክስ ተነሣ። ባለቤቶቹ ተከራከሩ፣ ሳይንቲስቶችም ለሁለት ተከፈሉ። በመጨረሻ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ጎጆዎቹ እንዲነሡ ወሰነ፤ በ2008ም ተነሥተው አለቁ። እዚህ ላይ ማን ትክክል ነበር ከሚለው ይልቅ ለባለሀብት የሚጠቅመው ሌላው ጥያቄ ነው። ሁለት ንግዶች በአንድ ካፒታል ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ካፒታሉም ያ ውሃ ነበር። ይህ ከመጀመሪያው ቢታሰብበት ኖሮ አንደኛው ገንዘቡን ሌላ ቦታ ባዋለ፣ ሁለተኛውም ዓመታት በክርክር ባላጠፋ ነበር።

ከኤይላት ፊት ለፊት ያለችው የዮርዳኖሷ አቃባ ደግሞ ሸክሙን የማከፋፈል ዘዴ አሳይታለች። በእሳት ተቃጥሎ ወደብ ላይ ቆሞ የነበረ ሴዳር ፕራይድ የተባለ የጭነት መርከብ እ.ኤ.አ. በ1985 ሆን ተብሎ ከዳርቻው 150 ሜትር ያህል ርቆ እንዲሰጥም ተደረገ። ዛሬ ኮራል ለብሶ የዓሣ መንደር ሆኗል፤ ጠላቂው ከባሕር ዳር ተነስቶ ይደርስበታል። በኋላም አውሮፕላንና አሮጌ የጦር መሣሪያዎች በዚያው ዳርቻ ተጨምረዋል። ጀማሪው ብረቱን ቢረግጥ የሚሰበር ነገር የለም፤ ሕያው ሪፉም በዚያው መጠን ያርፋል። የትም የሚጣል ብረት አይሠራም፤ መርከቡ ከነዳጁና ከመርዙ መጽዳት አለበት። ተገቢው ቦታ ከተመረጠለት ግን ቁራሌው እንኳ የማይፈልገው ብረት ለዓርባ ዓመት ደንበኛ ሊጠራ እንደሚችል አቃባ አስመስክራለች።

በሌላ በኩል የሻርም ኤል ሼክን ዕዳ ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሻርኮች አንዲት ጎብኚ ገድለው ሌሎች አራት ሰዎች አቆሰሉ። መዋኛዎቹ ለጊዜው ተዘጉ። ባለሙያዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች መካከል ያለ ልክ ዓሣ ማጥመድ፣ ሻርክ ለማየት ሲሉ መብል መወርወርና ከመርከብ የተጣለ የእንስሳት ጥንብ ይገኙበታል። የመጨረሻውን የቁም ከብት ነጋዴ ልብ ይበለው። በጉዞ ላይ የሞተ በግ ለላኪው የጠፋ ሂሳብ ብቻ ነው፤ ባሕር ላይ ሲጣል ግን የሌላውን ሰው ሆቴል ባዶ ሊያስቀር ይችላል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ምኑ ነው? መልሱ ጅቡቲ ነው። በየዓመቱ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ገደማ፣ ከዓለም ዓሦች ሁሉ ግዙፍ የሆነው ዌል ሻርክ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይም በአርታ ዳርቻ ይሰበሰባል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሰውን አይነካም፤ የሚመገበው በአብዛኛው ጥቃቅን ፍጥረታትን ነው። እዚያ የሚመጡት በአብዛኛው ገና ያልጎለመሱ ሲሆኑ ርዝመታቸው ሦስትና አራት ሜትር ያህል ነው። የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች ሪፎችም እ.ኤ.አ. ከ1972 እና ከ1980 ጀምሮ ጥበቃ የተደነገገላቸው ናቸው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከደጃፋችን የቀረበ ሪፍ ቢኖር ይህ ነው።

ዌል ሻርክ ግን ዝግ ብሎ፣ ከውሃው ገጽ ሳይርቅ ነው የሚዋኘው። የጀልባ ሞተር ይቆርጠዋል፣ መርከብ ይገጨዋል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ሊጠፉ ከተቃረቡት ተርታ መድቦታል። ወደ ጅቡቲ ከሚገቡት መርከቦች ብዙዎቹ የሚጭኑት ደግሞ የኢትዮጵያን ነዳጅ፣ ማዳበሪያና ብረት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሩቢማር የተባለችው መርከብ ከባብ ኤል መንደብ በላይ ተመትታ ስትሰጥም 21 ሺህ ቶን ያህል ማዳበሪያ ይዛ ነበር። ማሳ ላይ እህል የሚያፋፋው ማዳበሪያ ባሕር ውስጥ አልጌ ያፋፋል፤ አልጌው ኮራሉን ያፍነዋል። በሰሜኑ በኤይላትና በአቃባ ያሉት ኮራሎች ሙቀትን ከሌላው ዓለም ኮራል በተሻለ እንደሚቋቋሙ ይታወቃል። ሳይንቲስቶች ለዚህ የሚሰጡት ማብራሪያ የኮራሎቹ ዘር ከበረዶው ዘመን በኋላ በዚሁ በሞቃቱ ደቡባዊ በር ሲያልፍ በሙቀት ተፈትኖ ያለፈው ብቻ በመትረፉ ነው የሚል ነው። ሙቀትን የቻለ ኮራል ግን ቆሻሻንም ይችላል ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ወደብ ይዘጋ የሚል ሞኝ የለም። ወደቡ የሚያስገባውን ጠላቂ አያስገባም፤ አጥማጁም የዕለት ጉርሱን ይፈልጋል። ጥያቄው የቱ ይቅር ሳይሆን የቱ የት ይሁን ነው። በባሕር ዳር ገንዘብ ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት ከደላላው የሚሰማው የመሬቱን ካሬ ሜትርና የሆቴሉን ክፍል ብዛት ነው። ስለ ውሃው ስር የሚጠይቅ የለም። መጠየቅ ያለበት ግን ሦስት ነገር ነው። በዚህ ሪፍ በዓመት ስንት ሰው እንዲጠልቅ ተፈቅዷል? የመግቢያው ክፍያ ለጠባቂው ደመወዝ ይውላል ወይስ ሌላ ቦታ ይሄዳል? ከጎኑስ የነዳጅ ማራገፊያ ወይም የፍሳሽ ቱቦ ታቅዷል? ለነዚህ መልስ የሌለው ፈቃድ ርካሽ ቢመስልም ውድ ነው። ገደብ የነጋዴ ጠላት የሚመስላቸው ይኖራሉ። ገደብ በሌለበት ግን ቀድሞ የገባው የገነባውን ዘግይቶ የመጣው በርካሽ ዋጋ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ገደብ ይኑር ብሎ ከሁሉ ቀድሞ መጮህ ያለበት ባለሀብቱ ራሱ ነው።

ከደጋ ለሚወርድ ደንበኛ ደግሞ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የጠለቀ ሰው በደሙ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ሳይወጣ ወደ ከፍታ ቢሄድ ለብርቱ ሕመም ይዳረጋል። ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳያርፍ አውሮፕላን መሳፈር የለበትም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ በመኪና የሚመለሰውም ከዚህ አያመልጥም። ይህንን ለደንበኛው የሚነግር አስጎብኚ አንድ ተጨማሪ አዳር ለሆቴሉ ይሸጣል፤ የማይነግር ግን ደንበኛውን ለአደጋ ይዳርጋል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ኤይላት የብብቷን ከጣለች በኋላ እየለቀመች ትገኛለች። የታጁራው ባሕረ ሰላጤ ግን ገና በብብት ውስጥ ያለ ነው። ኮንቴይነሩን የሚጠብቅ ነጋዴ በሚቀጥለው ኅዳር ወደ አርታ ጎራ ብሎ ውሃውን ቢያይ መልካም ነው። ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት ግን መቁጠር ያለበት የሆቴሉን አልጋ ሳይሆን ባሕሩ የሚችለውን ሰው ነው።