በግፊት ስለሚሄድ ውኃ ጥበቃ

ቧንቧ የተዘረጋለት አገር ሁሉ ውኃ አገኘ ማለት አይደለም። በምረቃው ቀን የፈሰሰው ውኃ በሦስተኛውም በዐሥረኛውም ዓመት እንዲፈስ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ይህን የምንለው በተለይ ዳባትንና ደባርቅን፣ በስሜን ተራራም ግርጌ ያሉትን መንደሮች አስበን ነው።

በጎንደር የፋሲል መዋኛ ከቀሐ ወንዝ በቦይ እየተመራ ለጥምቀት በዓል ይሞላል። ቦይ ሲያፈስ ዓይን ያየዋል። በቧንቧ ውስጥ በግፊት የሚሄድ ውኃ ግን ጕድለቱን ከመሬት በታች ይሸሽጋል፤ ጕዳቱም የውኃው መባከን ብቻ አይደለም። መብራት ጠፍቶ ሞተሩ ሲቆም ግፊቱ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ውኃ ሲያወጣ የነበረው ስንጥቅ በዙሪያው ያለውን እድፍ ወደ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። መብራቱም ሲመለስ በሽታው ከውኃው ጋራ ወደ ጤና ጣቢያውና ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ሌላም ችግር አለባት። ከላይ የተተከለ ፓምፕ ውኃን ከታች የሚያወጣው የአየር ክብደት ውኃውን ወደ ላይ ስለሚገፋለት ነው። ይህ ኀይል በባሕር ወለል ውኃውን 10 ሜትር ያህል ሲያነሣ፣ በደባርቅ አየሩ ስስ ነውና ከ7 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ በሥራ ላይም ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ ለቆላ የተጻፈውን ልክ ሳይመረምር በደጋ የሚተክል ሰው ሞተሩን በከንቱ ያደክማል። የሚበጀው ፓምፑን ወደ ውኃው ማቅረብ፣ ወይም ውኃው ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን ዐይነት መምረጥ ነው።

የራሱ ፓምፕና የግፊት ጋን ላለው መሥሪያ ቤት ደግሞ ጥበቃው ቀላል ነው። በጋኑ ውስጥ ከጎማው ወዲያ የታመቀው አየር ውኃውን እየገፋ ሞተሩን ያሳርፈዋል። አየሩ ሲጐድል ሞተሩ በየደቂቃው ይነሣል፣ ይቆማል፤ በመጨረሻም ግሎ ይቃጠላል። ለጠባቂ ደመወዝ ገንዘብ የለም ያለው ሹም ያን ጊዜ ለአዲስ ሞተር ገንዘብ ፍለጋ ይነሣል!

እንግዲህ የየመሥሪያ ቤቱ አለቆች በየወሩ አንድ ሌሊት ቧንቧውን ሁሉ አዘግተው ያስመርምሩ፤ ሞተሩ ብቻውን ከተነሣ ውኃው በአንድ ስፍራ እያመለጠ ነው። የጋኑንም አየር ሞተሩ ጠፍቶ፣ ውኃው ተንቆርቍሮ ካለቀ በኋላ ያስለኩ፤ የጐደለውን ለመሙላት የመኪና ጎማ መንፊያ ይበቃል።