የቤተሰብ አክሲዮን ለውጭ ገዢ ዋስትና ነው ወይስ ወጥመድ?

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው አባባል የእኛ ብቻ ይመስለናል። የዋሽንግተን ፖስት ባለቤት የነበሩት ዩጂን ሜየር ግን ይህንኑ በአክሲዮን ቁጥር ጽፈውታል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር የነበሩት ሜየር የከሰረውን ጋዜጣ በ1933 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሐራጅ በ825 ሺህ ዶላር ገዙ። በ1948 የድምፅ መብት ያለውን አክሲዮን ሲያስተላልፉ ለአማቻቸው ለፊሊፕ ግራሃም 70 በመቶ፣ ለገዛ ልጃቸው ለካትሪን 30 በመቶ ደረሰ። ምክንያታቸው ባል የሚስቱ ተቀጣሪ መሆን የለበትም የሚል ነበር።

ነገሩ ግን በወንድ አላለቀም። ፊሊፕ በ1963 ራሳቸውን ሲያጠፉ የአራት ልጆች እናት የሆኑት ወይዘሮ ካትሪን በ46 ዓመታቸው ኩባንያውን ተረከቡ። የሂሳብ መግለጫ ለማንበብ የሚቸገሩ፣ በስብሰባ ላይ መናገር የሚፈሩ ሴት ነበሩ። ሸጦ መገላገል ይቻል ነበር፤ አልሸጡም።

ለገበያ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚነሳው ጥያቄ፣ ቤተሰብ የያዘው የድምፅ የበላይነት የውጭውን ባለአክሲዮን ይጎዳዋል ወይስ ይጠቅመዋል የሚለው ነው።

ኩባንያው በጁን 1971 አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በ26 ዶላር ለሕዝብ አቀረበ። አክሲዮኑ ሁለት መደብ ነበረው። አንዱ በቤተሰቡ እጅ ቀርቶ የቦርዱን አብላጫ አባላት ይመርጣል፤ ሕዝብ የሚገዛው ሌላው መደብ የሚመርጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ስለ ቬትናም ጦርነት የተጻፈው የመከላከያ ሚኒስቴር ምስጢራዊ ሰነድ ጋዜጣው እጅ ገባ። ሰነዱን ማተም የጀመረው ኒው ዮርክ ታይምስ በፍርድ ቤት ታግዶ ነበር። ክስ ቢመሠረት የአክሲዮን ሽያጩ ሊፈርስ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹም ፈቃዳቸውን ሊነጠቁ እንደሚችሉ ለወይዘሮዋ ተነገራቸው። እሳቸው እንዲታተም አዘዙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዚያው ወር 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ለጋዜጦቹ ፈረደ።

የዋተርጌት ቅሌት ሲከተል የፍሎሪዳ ጣቢያዎቹ ፈቃድ እንዳይታደስ ተቃውሞ ቀረበ። 38 ዶላር ደርሶ የነበረው አክሲዮን ከ20 ዶላር በታች ወረደ። በየሦስት ወሩ ትርፍ ቆጥሮ የሚጠይቅ ባለቤት ቢኖር ዘገባው ይቆም ነበር ብዬ አምናለሁ። ያላስቆመው የቤተሰቡ ድምፅ ነው። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1974 ሥልጣን ለቀቁ።

ገበያው ሲሸሽ ዋረን ቡፌት በ1973 ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው ገዙ፤ በማግሥቱ ዓመት ቦርዱ ውስጥ ገብተው የሂሳብ መግለጫ አነባበብ ለወይዘሮዋ አስተማሩ። ዋጋው ሲረክስ ኩባንያው የራሱን አክሲዮን መልሶ መግዛት ያዘ፤ በጊዜ ብዛት 40 በመቶ ያህሉን ሰበሰበ። ሌሎች በውድ ዋጋ ድርጅት ሲገዙ እሳቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ከ1971 አንስቶ ከሊቀመንበርነት እስከ ወረዱበት እስከ 1993 ባለአክሲዮኑ በዓመት በአማካይ 22 በመቶ ግድም አግኝቷል።

እንግዲህ መልሱ፣ የድምፅ የበላይነት በራሱ ዋስትናም ወጥመድም አይደለም። ያዡ የራሱን ገንዘብ ከውጭ ገዢው ገንዘብ ጋር በአንድ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጥ ዋስትና ይሆናል። ወንበሩን ለዘመድ ማኖሪያ ሲያደርገው ወጥመድ ነው። ዘላለማዊም አይደለም። ወይዘሮ ካትሪን በ2001 ካረፉ በኋላ፣ በ2013 ኩባንያው ጋዜጣውን ለጄፍ ቤዞስ በ250 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 ተከፍቷል። ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ኩባንያዎቻችን አንድ ቀን አክሲዮናቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ገዢው ከትርፍ ድርሻው አስቀድሞ የሚጠይቀው አለ። ድምፁ በማን እጅ ነው? ክፉ ቀን ሲመጣስ ያ ሰው ድምፁን ለምን ያውለዋል?